አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የተውኳት ነጥብ

...ነጥቧ ትናንት እኮ ፋርማሲው ጥግ ነበረች፣ ዛሬ በራችን ላይ ናት፣ እርሳሴ ቦርሳዬ ውስጥ፣ የሣልኩበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ፣ የክፍሌ ቁልፍ አንገቴ ላይ፣ ማን ነካት? ማንም። ኧረ ባክሽ፣ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ ተምረሽ ነጥብ በእግሯ ትሄዳለች ልትዪ ነው?

የቤት ሥራ ነው። መምህሩ ለአንድ ዓመት ትምህርት ከየአገሩ ወደዚህ የተላክነውን ሰብስቦ፣ ቦታ ማለት ሰው በአእምሮው የሚሸከመው ነው፣ የሰፈራችሁን መንገድ ከትዝታችሁ ሣሉ፣ ራሳችሁንም በአንዲት ነጥብ አመልክቱ አለን፣ አጎቴ ቢሰማ፣ ሰፈርሽን ለመሣል ነው ባሕር ያቋረጥሽው? ይለኝ ነበር። ሣልኩ። ፋርማሲው፣ የጎሚስታው የጎማ ክምር፣ የሚያፈሰው ቧንቧ፣ ሰማያዊው በራችን፣ ራሴን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አደረግሁ፣ ሩቅ ነኛ።

እሷ ወደ ቤት በቀረበች ቁጥር እኔ እዚህ እየሳሳሁ ነው። ሰኞ የቤተ መጻሕፍቱ በር አልከፈት አለኝ፣ በራሱ የሚከፈተው በር፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ ተገትሬ ጠበቅሁ፣ ማክሰኞ መምህሩ ስሜን ሲጠራ አቤት አልኩ፣ ቀና ብሎ ወንበሬን አየና ቀሪ ብሎ ጻፈ። ያኔ ሳቅሁ። አሁን ፈርቻለሁ።

ላጲሱ እጄ ላይ ነው፣ አንዴ ባሻት ያልቃል፣ ግን መጀመሪያ ለእማዬ ልደውል፣ ከመጣሁ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ታለቅሳለች፣ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ ትለኛለች፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሃሎ።

ትስቃለች። እማዬ ትስቃለች! ከኋላዋ ውሃ ይወርዳል፣ ሰሃን ይጋጫል፣ ማን አለ ቤት? እላታለሁ፣ ማን ይኖራል፣ ትላለች፣ ልጄ ናታ፣ ሳትነግረኝ መጥታ በሩን ስታንኳኳ ልቤ ልትወጣ፣ እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ እላለሁ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ማን ልበል? ጓደኛዋ ነሽ? ድምፃችሁ ቁርጥ አንድ ነው፣ ከወደ ኩሽና ደግሞ፣ ማነው እማዬ? ይላል ድምፅ፣ የኔ ድምፅ፣ ጉንፋን እንኳ ሳይነካው።

ወረቀቱን አያለሁ። በሩ ላይ የለችም፣ ገብታለች፣ የቤታችን አራት ማዕዘን ውስጥ ቁጭ ብላለች።

ላጲሱን አስጠጋለሁ፣ ብፍቃት እመለሳለሁ፣ በሩ ይከፈትልኛል፣ ስሜ ሲጠራ አለች እባላለሁ፣ እማዬም ሰሃኑ እንደታጠበ ባዶ ኩሽና ውስጥ ትቆማለች፣ ልጄ ልጄ እያለች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳዋ። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ። እጄ እምቢ ይላል።

አንቺም ሰው አገር ነሽ መሰለኝ፣ ትለኛለች፣ በርቺ የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ ደግሞ ደውዪላት፣ የእናት አንጀት አይችልም።

እሺ እማማ፣ እላታለሁ፣ እደውላለሁ።