ከስድሳ አራቱ የጎደለው

ድንቅነሽ ሚሞሪዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"ታደለ፣ ስድሳ አራት ጊጋ ብለህ ነው የሸጥክልኝ። በራስህ ኮምፒውተር ሲታይ ሃምሳ ዘጠኝ ከምናምን ነው። የቀረውን አምጣ።"

ወረታ ገበያ ሩዝ ስትሰፍር ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ ጉድለት አይታ አታልፍም። ዛሬ የሚጎድለው ደግሞ የባሏ ድምፅ ነው። መሪጌታ አምባው በቁሐር ሚካኤል ዜማ ሲያስተምሩ መምህር ማርቆስ ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ቀርጿቸዋል። እሳቸው ካረፉ አራት ወር ሆነ። ማርቆስም ተዛውሮ ዛሬ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ አጥፍቶ ያስረክባል። ስልክ ስትደውልለት የቀረጸው ሁሉ ስድሳ ሁለት ጊጋ መሆኑን፣ በሃምሳ ዘጠኝ እንደማይበቃ ነገራት። የመጨረሻውን ቀን ቀረጻ እንተወው፣ ከዜማው የመሪጌታ ሳል ይበዛል አላት።

ታደለ ሳቀ። "እትዬ፣ ጊጋ እየቆነጠርኩ የምቅም መሰልኩዎት? ፋብሪካው በየደረጃው፣ ከኪሎ ወደ ሜጋ፣ ከሜጋ ወደ ጊጋ፣ ሺህ ሲሞላ አንድ ይላል። ይሄ ኮምፒውተር ሺህ ሃያ አራት ካልሞላ አንድ አይልም።"

ድንቅነሽ የገበያ ጣሳዋን አሰበች። በእሷ ጣሳ ስድሳ አራት የሚወጣው ሩዝ በጅምላ ነጋዴዎቹ ጣሳ ስድሳም አይሞላም። ሩዙ ግን ያው ነው።

"የማርቆስስ ስድሳ ሁለት በየትኛው ጣሳ ተሰፍሮ ነው?"

"እሱን የሚነግርዎት የራሱ ላፕቶፕ ነው" አለ ታደለ። ሚሞሪዋን አንስታ በባጃጅ በረረች።

ማርቆስን ፍራሹን እያሰረ አገኘችው። ገመዱን አስጥላ ሚሞሪዋን ላፕቶፑ ላይ እንዲሰካ አደረገችው። ስድሳ አራት አለ፤ የእሱ ላፕቶፕ በሺህ ነበር የሚቆጥረው። ማርቆስ አንገቱን አከከ። የሂሳብ መምህር ሆኖ በአንዱ ጣሳ ሰፍሮ በሌላው ሊከፍል ኖሯል።

"ሁሉም ይገባል፣ እትዬ። ትርፍም አለው።"

ተገልብጦ ሲያልቅ የመጨረሻው ቀን መግባቱን ካላየሁ አለችና ከፈተላት። መሪጌታ ዜማውን ይጀምራሉ፣ ሳል ያቋርጣቸዋል። ውኃ ጎንጨት ይሉና ከተቋረጠበት ሳይሆን ከመነሻው ይጀምራሉ። ደግሞ ሳል። ደግሞ ከመነሻው። ማርቆስ ለተማሪዎች እንዲመች ሳሉን ቆርጦ ሊያወጣላት እንደሚችል፣ ለዚያ የሚሆን ጊዜ እንዳለው ነገራት።

ድንቅነሽ ዓይኗን ከመሪጌታ አላነሳችም።

"ተወው" አለች። "ቦታ አለው።"