ከፀደንያ የሚበልጥ ሌንስ

የብርጓል ደብረ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ፀደንያን ካሜራ አያያዝ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሦስት ዓመት አብራት ከሠራች በኋላ ፀደንያ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ቤት ከፈተች። ይሁን፤ ማንም ሰው ራሱን መቻል አለበት። የብርጓልን ያንገበገባት ግን በ2004 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ፀደንያ መስኮቷ ላይ የሰቀለችው ፎቶ ነው።

ፎቶው የመሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ፊት ነበር። ዐይናቸውን ጨፍነው ሲያዜሙ ከሕዝቡ ኋላ ሆና፣ በሌንስ አቅርባ ያነሳቻቸው ነው። ሽበታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

የየብርጓል ባል ምናለ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እዚያ መስኮት ፊት ቆሞ ቀረ። ቤት ሲገባም ወሬው እሱው ነበር።

«ፀደንያ ጉድ ሠርታለች እኮ! እንባቸው ሳይቀር ይታያል።»

«የሌንሱ ነው እንጂ የእሷ ሙያ መሰለህ?» አለች የብርጓል። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ላለማየት በሌላ መንገድ እየዞረች መሄድ ጀመረች።

ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ሄደች። ፒያሳ፣ ጋሽ ድረስ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ካሜራ ከሚሸጡበት ሱቅ ገባች።

«ምን ልታነሺበት ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ጥምቀትን። ታቦቱ አጠገብ ሴት አያስጠጉም፤ ከሩቅ ሆኜ ማንሳት አለብኝ። አቅሜ ግን ትንሽ ነው።»

ሁለት ሌንስ አወጡላት። «ይህ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊሜትር ነው። አጠር ይላል፤ ግን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር አለው። ያኛው ባለ ሦስት መቶ ነው። የበለጠ ያቀርባል፣ ዋጋውም ቀነስ ይላል። ማረጋጊያ ስለሌለው ግን ጥላ ውስጥ ፎቶው ይደበዝዝብሻል። እኔ ብሆን አጭሩን ነው የምወስደው።»

የብርጓል አጭሩን አንስታ አገላበጠችው። ወዲያው አወቀችው። ፀደንያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረው እሱን ነው።

«እንዲህ ያለ አንዲት የማውቃት ልጅ አላት» አለች።

«እንግዲያው አውቃ ነው የገዛችው» አሉ ጋሽ ድረስ።

ባይሉት ይሻል ነበር። የብርጓል ረጅሙን አስጠቅልላ ወጣች።

የጥምቀት ዕለት ጠዋት ሌንሷን እስከ ጫፉ ስትዘረጋ፣ ፀደንያ ከወዲያ በኩል ቀና ብላ አየቻት። ያቺ አንዲት እይታ የአዲስ አበባን መንገድ ድካም ሁሉ አስረሳቻት። መሪጌታው ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ሲያሸበሽቡ፣ ከስልሳ ጊዜ በላይ አነሳቻቸው።

ቤቷ ገብታ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ስትከፍታቸው ሁሉም ጉም የዋጠው ይመስላል። አንድም የጠራ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የመሪጌታው ትልቋ ልጅ፣ እትዬ ወለተ ሰንበት፣ ከአምበር ከተማ ፎቶ ቤቷ መጡ።

«አባቴን ሲያሸበሽቡ አንስተሻቸዋል አሉኝ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ለከርሞ የሚወጡ አይመስለኝም። አንዱን አጥበሽ ስጪኝ።»

የብርጓል «ባትሪዬ አልቆ ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። የሴትዮዋን ዐይን ስታይ ግን ውሸቱ አልወጣላትም።

«አልተሳካልኝም፣ እትዬ። ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ያነሳቻቸው ልጅ አለች፣ አመጣልዎታለሁ።»

መንገዱን ተሻገረች። ፀደንያ በሩ ላይ ስታያት ደንግጣ ተነሳች። ነገሩን ሰምታ ፎቶውን ከፈተችላት። መሪጌታው አንድ እግራቸውን አንስተው፣ ጸናጽላቸው እያብለጨለጨ፣ እንደ ሕፃን ይስቃሉ። የብርጓል ደስ ሊላት ሲገባ እንከን ፈለገችበት፤ አጣች።

«ጥላ ውስጥ እንዴት እንዲህ ጠራልሽ?»

«ሌንሱ ያረጋጋዋል። ደግሞም አጥሩን ተደግፌ ነበር።» ፀደንያ ወደ እሷ ዞረችና «እውነት ልንገርሽ? ያን ረጅም ሌንስ ሳይብሽ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። መሪጌታን ልተው አንቺን ሳይ ልውል ምንም አልቀረኝም ነበር» አለች።

የብርጓል ሳታስበው ሣቀች። «እኔ ደግሞ ከመስቀል ጀምሮ በደጅሽ አላለፍኩም።»

«ያንቺን ሌንስ ፀሐይ ላይ አውጪው። ክንድሽንም የሆነ ነገር ላይ አሳርፊ፤ ያኔ ታዪዋለሽ» አለቻት ፀደንያ፣ ፎቶውን አጥባ እየሰጠቻት።

እትዬ ወለተ ሰንበት የአባታቸውን ፎቶ በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን የብርጓል ወደ ይጁቤ ከተማ ወረደች። ቀትር ላይ ክንዷን አንድ የድንጋይ ካብ ላይ አሳርፋ፣ ከገበያው ማዶ ስንዴ የምታበጥር ሴት አነሳች። ከሰፌዱ የዘለለው ስንዴ ፍሬ ፍሬው አየር ላይ ቆሞ ይታያል።

አተልቃ አጠበችውና ለምናለ እንኳ ሳታሳይ ፀደንያ ዘንድ ይዛው ሄደች። ፀደንያ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ፊቷ ጠቆር አለ።

«ሌንሱን ስንት ገዛሽው?» አለች በመጨረሻ፣ ዐይኗን ከፎቶው ሳትነቅል።

የብርጓል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለመመለስ አልቸኮለችም።