ውኃ እንቢ ያለው ፓምፕ

ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ለምን» ይሏታል። የመካኒካል ምህንድስና መምህርት ናት፤ ለምን ሳትል ውላ አታድርም። የሴሚስተሩን አጋማሽ ፈተና ስታርም ግን ጥያቄው ወደ ራሷ ዞረ። ባደለችው ጽሑፍ ላይ «ውኃ አይጨመቅም» ማለት ሲገባት «ውኃ ይጨመቃል» ብላ ተሳስታ ኖሯል። ክፍሉ በሙሉ ስህተቷን ሳያዛንፍ መለሰላት፤ «ፎቶኮፒ» የሚሉት የክፍሉ አንደኛማ ከነሥርዓተ ነጥቡ።

መጀመሪያ ብቻዋን ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባች።

«የማጠቃለያውን ፈተና በወረቀት አልሰጥም። ወርክሾፕ ውስጥ የተበላሸ ፓምፕ አቀርብላቸዋለሁ፤ ብልሽቱን ፈልገው ምክንያቱን ያስረዱኝ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ሐሳቡ ደግ ነው፣ ልጄ። ማርኩን በምን ልትሰጪ ነው? ፊታቸውን አይተሽ?»

«በአስተሳሰባቸው። የተሳሳተ ግምት እንኳ ቢሆን፣ ፈትኖ ላረመው ነጥብ አለው። መመዘኛውን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። እርስዎም ይምጡና አብረን እናርም።»

«እሺ» አሉ፤ ፊታቸው ግን እሺ አላለም።

በፈተናው ዕለት ኃላፊው ወርክሾፑ ውስጥ አጠገቧ ቆመዋል። ፓምፑ ውኃ የሚስብበትን ቱቦ መገጣጠሚያ ራሷ በጥቂቱ አላልታዋለች። መጀመሪያ የገባው ፎቶኮፒ ነው። «ፓምፕ ማለት» ብሎ ጀምሮ አንድ ገጽ ሙሉ አነበነበላቸው። ሞተሩ ያጓራል፤ ጠብታ ውኃ ግን የለም።

«ጥሩ። ታዲያ ውኃው ለምን አይመጣም?»

ልጁ «ፓምፕ ማለት» ብሎ ደግሞ ጀመረና አቆመ። ኃላፊው «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አዩዋት። ልታግዘው ምላሷ ጫፍ የደረሰውን ቃል ዋጥ አደረገችው።

«ቲቸር፣ ብሳሳትስ?»

«ተሳሳት። ከዚያ እናያለን።»

«ሞተሩ ደክሞ ይመስለኛል» አለ። ፍጥነቱን ለካ፤ ደህና ነው። ራሱን አከከ። ከዚያ ማንም ሳያዘው በርከክ ብሎ ጆሮውን ወደ ቱቦው አስጠጋ፤ ፊቱም በራ። «እዚህ ጋ ያፏጫል። አየር እየገባ ነው።»

«ለምን ይገባል?» ያሉት ኃላፊው ነበሩ፤ ሳያስቡት አመለጣቸው።

«ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ስለሚያንስ ነዋ። ክፍተት ካገኘ ውኃውን ትቶ አየር ይስባል።» በጽሑፏ ውስጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ የራሱ ነው። መምህርቷ የምታደርገው ጠፍቷት እጆቿን ኪሷ ከተተች።

ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ መገጣጠሚያውን በመፍቻ አጠበቀው፣ ፓምፑን በውኃ ሞልቶ ሞተሩን አስነሳው። ውኃው ቧንቧውን እየነቀነቀ ወጣና የኃላፊውን ሱሪ እስከ ጉልበት አራሰው። እሳቸው ቁልቁል እንኳ አላዩም። ልጁ ከወጣ በኋላ ለየብቻ የሰጡትን ማርክ ሲያስተያዩ፣ ከእሷ የበለጠ የሰጡት እሳቸው ሆነው ተገኙ።

«ቀጣዩን ልጥራ?» አለች።

«ቆዪ» አሉ ኮታቸውን እያወለቁ። «ለቀጣዩ ልጅ ፓምፑን እኔ ላበላሽለት። መፍቻውን አቀብይኝ፤ በሩንም ዝጊው፣ ልጆቹ እንዳያዩን።»