ቦዲቲ ላይ ያገሳው ጦና

ጦና ድምጽ ማጉያ ያከራያል። ያከራያል ብቻ ማለት እሱን ማሳነስ ነው፤ ሳጥኖቹን ሶዶ ላይ ሲከፍት አርባ ምንጭ ያሉ አዞዎች ይባንናሉ። ፍርሃት የሚባል ነገርም በዕድሜው አያውቅም ነበር፤ አልበሙ እስኪወጣ ድረስ።

የሶዶ ልጆች ናቸው ያወጡት። ራፕን ከሜታል ደባልቀው፣ ግማሹን በወላይትኛ ግማሹን በአማርኛ፣ «ማን ጠየቀን?» አሉት። መሬቱ ሲሸነሸን፣ ደመወዙ ሲዘገይ፣ በእኛ ላይ ሲወሰን ማን ጠየቀን ነው ነገሩ። ባጃጅ ሁሉ እሱን ከፈተ። አስተማሪው መስኮቱን ዘግቶ ሰማ። «የሰይጣን ጩኸት!» ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ግጥሙን በቃላቸው ያዙት። በየዘፈኑ መሃል ደግሞ አንበሳ ቢሰማው ሰፈር የሚለቅ ድምጽ ያገሳል።

«የማገሳው እኔ ነኝ» አለ ጦና፣ ሥጋ ቤት ቁጭ ብሎ ቁርጡን በዳጣ እያጠቀሰ። ሶዶ በሙሉ አመነው። የምታገሳው ግን ባርኮት ናት፤ የእህቱ ልጅ፣ ጊታሯ በቁመት የሚበልጣት።

ብዙም ሳይቆይ አልበሙን የከፈቱ ሁለት ባለባጃጆች ተወሰዱ። «የሚያገሳውን ሰውዬ እየፈለጉት ነው» ተባለ። ጦና ጢሙን ተላጨ፣ ስልኩን ዘጋ፤ ሥጋ ቤቱንም እርም አለ።

በዚሁ ሰሞን ቦዲቲ ውስጥ አቶ ቦልቴ የሚባሉ ትልቅ ሰው አረፉና ጦና ከነሳጥኖቹ ለለቅሶው ተጠራ። ባርኮትም በአባቷ በኩል የሟቹ ዘመድ ናትና አብራው ሄደች። ሜዳው ላይ የወላይታ ሕዝብ ሁለት እጥፍ ቆሟል። ከዳር አንድ ፒክአፕ፤ ተደግፈውት ጃኬት የለበሱ ሁለት ሰዎች። ጦና ዓይኑን ከእነሱ ሳይነቅል ወደ ፍላሾቹ እጁን ሰደደ። ሳያስተውል መዝሙር ያለበትን ትቶ አልበሙ ያለበትን ሰካ።

የሚያገሳው ድምጽ ወጣ።

ሊያጠፋው ሲንደረደር ሽማግሌዎቹ ቀደሙት። እዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ወንዱ ጦሩን እየነቀነቀ፣ መሬቱን እየረገጠ፣ እያገሳ የሟቹን ጀግንነት ይናገራል። ከሳጥኑ የወጣውንም ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ አደረጉት። እያገሱ መለሱለት። ሜዳው ጦር ብቻ ሆነ።

ጃኬት ለባሾቹ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። አንደኛው ገመዱን ነቀለ።

«ይሄ ድምጽ የማን ነው?»

«የ... የፍላሹ ነው ጌታዬ።»

«አትቀልድ! ሥጋ ቤት ያሉት የጦና ነው ይላሉ። ጦና አንተ ነህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ልንገራቸው» አለች ባርኮት ከኋላው በሹክሹክታ።

ጦና እግሯን ረገጣት። ላቡ የብላቴን ወንዝ ይሞላል። «እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ? እስቲ አግሳ!»

አግስቶ አያውቅም። አፉን ሲከፍት ግን የሳምንቱ ፍርሃት በሙሉ አንድ ላይ ወጣ። የዳሞት ተራራ ወደ ኋላ ሸሸ። ሜዳው መለሰለት። ሰውየው ክንዱን ጨምድዶ ሊጎትተው ሲል፣ የሟቹ ወንድም አቶ ኤርካሎ ጦራቸውን በመሃል አጋደሙ።

«ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ከሜዳ አይወሰድም። ይጨርስ!»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

«ሲጨርስ ነዋ!»

ሁለቱ ሰዎች ጦሩን አዩ፤ ጦር የያዘውን ሁሉ አዩ። ወደ ፒክአፑ ተመልሰው መጠበቅ ጀመሩ።

ጦና ወደ ባርኮት ጎንበስ አለ። «ሂጂ፤ በዱቦ መንገድ በኩል ውጪ፣ ሚኒባስ ያዢ።»

«አንተስ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሂጂ አልኩሽ!»

አቶ ቦልቴን በሕይወት ሳሉ አይቷቸው አያውቅም። ቢሆንም ጉማሬ በጅራቱ ከአባያ ሐይቅ ጎትተው እንዳወጡ አገሳ። በጦራቸው መብረቅ መልሰው እንደሰደዱ አገሳ። ልጆቻቸው ሳይቀሩ ተገረሙ። ጉሮሮው ደም ደም አለው፤ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ፒክአፑ አልተንቀሳቀሰም። በለቀስተኛው ትከሻ ላይ የባርኮት ሻሽ ብቅ ጥልቅ እያለ ወደ መንገዱ ይርቃል፤ ሚኒባሱ ግን ገና አልመጣም።

ጦና አየር ሳበና አቶ ቦልቴን ከተወለዱበት ቀን ጀመራቸው።