በሩን ክፍት የተውኩት እኔ አይደለሁም

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንባ የሚባል ነገር ጠፍቶባታል። ትበላለች፣ ታስተምራለች፣ ሰው ሲቀልድ ጥርሷን ታሳያለች፤ ውስጧ ግን ደንዝዟል። አባቷ በመጨረሻ ዘመኑ መርሳት ስለጀመረ፣ ብቻውን ሲሆን በሩ ከውጭ ይቀረቀርበት ነበር። በሞተበት ቀን እሷና አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ እየተጣደፉ ወጡ። አባትም ወጣ፤ አስፋልቱ ላይ መኪና ገጨው። ቀድማ ቤት የደረሰችው አስተማሪዋ በሩን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። ዘጋችውና ለሰው ሁሉ፣ ለእህቷም ጭምር፣ በመስኮት ነው የወጣው አለች። ከሁለታቸው ኋላ የወጣችው ማን እንደነበረች ብታስብ ብታስብ አልመጣላት አለ። እኔው ነኝ ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ ነው የደነዘዘችው።

ዛሬ ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ "ኢት ዋዝ" ብላ ጻፈች።

"አንድን ነገር ማን እንዳደረገው አጉልታችሁ መናገር ስትፈልጉ በዚህ ትጀምራላችሁ። በእኛም ቋንቋ አለ። 'ብርጭቆውን ሰበርኩ' እና 'ብርጭቆውን የሰበርኩት እኔ ነኝ' አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ላይ የብርጭቆው መሰበር አያጠያይቅም፤ የቀረው ማን የሚለው ብቻ ነው። 'እኔ አይደለሁም' ብትሉም ያው ነው፤ መሰበሩን አምናችኋል።"

"ታዲያ ቲቸር፣ ዝም ማለት ነው የሚያዋጣው!" አለ ከኋላ ወንበር ቀልደኛው።

ክፍሉ አውካካ። እሷም ለወጉ ያህል ፈገግ አለች።

ቤት ስትገባ ታናሽ እህቷ ልብስ ትተኩሳለች። ቀና እንኳ ሳትል፣

"እትዬ፣ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ አይደለሁም እኮ" አለች።

አስተማሪዋ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ስለ በር ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ክፍት መቅረቱን ሊያውቅ የሚችለው የተወው ሰው ብቻ ነው። ይህቺ ልጅ ደግሞ ከድሮም ሳትጠየቅ ነው የምትክደው። ሸክሙ ስለወረደላት ደስ ሊላት፣ ካልሆነም ልትናደድ ይገባ ነበር። አንዱም አልመጣም። የእህቷ ካውያ ግን አንድ ቦታ ቆሞ ሸሚዙ መሽተት ጀምሯል። ከእጇ ተቀብላ አነሳችው።

"አውቃለሁ የኔ እህት። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።"

ኧረ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ትለኛለች ብላ ጠበቀች።

ታናሽየዋ በረጅሙ ተነፈሰች።

"እኔማ ጠርጥሬ ነበር" አለች፣ ካውያውን መልሳ እየተቀበለች። "አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርብሽም።"

አስተማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አመማት።