የአከራይዋ ክርስትና ልጅ

እትዬ የትነበርሽ ትክል ድንጋይ በሚባለው ገጠር የነበሯትን ከብቶች ሸጣ ከተማ ውስጥ፣ ሳሙና በር የሚባል ሰፈር፣ አምስት የኪራይ ክፍል ያሠራች ሴት ናት። «በሬ ይሞታል፣ ቤት ግን ቆሞ ያበላል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ያበላታል። የምትበላው ግን እኛን ተከራዮቿን ነው። ልብስ ስናሰጣ ገመዱ ይረግባል፣ ውኃ ስንቀዳ ቧንቧው ይበላሻል፣ እንግዳ ሲመጣብን ደግሞ በር ላይ ቆማ መቼ እንደሚሄድ ትጠይቃለች።

ከእኔ አጠገብ ያለውን ክፍል ግንበኛው የሻውና ሚስቱ ይመኙሽ ተከራይተውት ነበር። ይመኙሽ ነፍሰ ጡር ሳለች እትዬ የትነበርሽ አንድ የባንክ ሠራተኛ አገኘችና «ሸጋ ተከራይ መጥቶልኛል፣ ልቀቁልኝ» አለቻቸው። እነሱ ቤት ሲያስሱ ምጡ መጣ። አራስ ደግሞ ከቤት አይወጣም፤ ይህን እሷም አትደፍረውም፣ መንደሩ አፉን ይከፍትባታል። እስከ ክርስትናው መታገሥ ግድ ሆነባት። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ማለት ነው።

እነ ይመኙሽ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ እልልታው ሲቀልጥ እትዬ የትነበርሽ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ምን ተገላገለች?»

«ሴት።»

«ምነው!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ገብታ እንኳን ማርያም ማረችሽ እንኳ አላለቻትም። ከዚያ ወዲያ የሕፃኗ ጨርቅ ሊታጠብ ሲል ውኃውን ትዘጋው ጀመር።

ብልሃቱን ያመጣችው ይመኙሽ ናት። «ክርስትና እናት ትሁንልን» አለችኝ። «አበልጇን ከቤት የሚያስወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።» እኔም አላየሁም ነበርና ደስ አለኝ። የክርስትናው ዋዜማ የሻው የሁላችንንም የንስሐ አባት ቄስ ሐብተ ማርያምን ይዞ ገባባት።

«የትነበርሽ፣ እነዚህ ልጆች እዚህ ዘመድ የላቸውም። ሕፃኗን አንሺላቸው» አሏት።

ክርስትና አንሺ ተብሎ እምቢ አይባል። የቆመጠጠ ጠላ የጠጣች መስላ መስቀሉን ተሳለመችና «እሺ አባ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሕፃኗን አቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረች። ቄሱን እየተከተለች ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን ካደች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ይመኙሽን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። ያን ቀን እንደ ይመኙሽ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

እየዘመርን ተመለስን። ልጅቱን ያቀፈችው እትዬ የትነበርሽ ከፊት ነበረች። የግቢው በር ሲከፈት ግን እልልታው ተቋረጠ። ፍራሻቸው፣ ምድጃቸው፣ የየሻው መዶሻና ገመድ፣ የሕፃኗ ጨርቅ ሳይቀር መሬት ላይ ተከምሯል። የእትዬ የትነበርሽ ወንድም ሰውአገኝ ክፍሉን በአዲስ ቁልፍ ቆልፎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«እታለም፣ እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ» አላት።

ሰይጣንን ስትክድ ይህን ታውቅ ነበር።

«ዛሬ እናት ሆነሽ፣ የትነበርሽ!» አሉ ቄሱ።

«እናትነቴ ለልጅቱ ነው አባ። ቤቱ የእኔ ነው። ሰማንያው ሞልቷል።» ይህን እያለች ሕፃኗን በነጠላዋ ጫፍ ከፀሐይ ጋረደቻት። «ልጅቱን እኔ ቤት አስገባታለሁ፤ እናንተ ቤት እስክታገኙ።»

የሻው ቡጢውን ጨብጦ ሲንደረደር ይመኙሽ ቀደመችው።

«ልጄን አምጪ» አለች። እትዬ አላለቻትም። ሕፃኗን ከክንዷ ላይ ወሰደቻት። «የዛሬው አይሻርም፤ እናቷ ነሽ። ነፍስ ስታውቅ ክርስትና እናቴ ማን ናት ትለኛለች። አቅፋሽ እያለች ከቤትሽ ያስወጣችሽ ናት እላታለሁ።»

የእትዬ የትነበርሽ ክንዶች ሕፃን እንዳቀፉ ቀሩ። ቄሱ ለክርስትናው የተዘጋጀውን ድግስ ሳይባርኩ ወጡ፤ እነ የሻውም ዕቃቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው ሄዱ። ከእኛ ከተከራዮቹ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ማለዳ እትዬ የትነበርሽ ከቤቷ ብቅ ስትል ብድግ አልኩና «እንደምን አደሩ?» አልኳት። እጠላታለሁ። ግን እኔም ሌላ ቤት የለኝም።