ሁለት የድሮ፣ ሁለት የአሁን

«ይሄን መልሰው» አለ ጠራዡ፣ መጽሐፉን በሁለት ጣቱ ወደ ሻጩ እየገፋ። «ገና በመጀመሪያው ገጽ ሰው ይሞታል።»

«አንተ ደግሞ! ሰው የማይሞትበት መጽሐፍ ከየት ላምጣልህ? በአሥረኛው ገጽ ቢሞት ምን ልዩነት አለው?»

«በአሥረኛውማ ይሙት። እስከዚያ ልጄ ቢያንስ ትተዋወቀዋለች።»

መጽሐፍ ሻጩን ደንበኞቹ «ሽፋን» ይሉታል፤ ከሽፋን አልፎ አንብቦ አያውቅም ለማለት ነው። እሱም ስሙን አልጠላውም። «ሽፋኑን አይቼ ውስጡን ካልነገርኳችሁ ገንዘባችሁን ውሰዱ» እያለ ይነግድበታል። ከጠራዡ ጋር የወጣትነት ጓደኞች ናቸው። ድሮ ሲገናኙ ከሱቁ የሚወጣው ሳቅ መንገደኛ ያስቆም ነበር። ዛሬ ግን ጠራዡ ከመጣ ጀምሮ አልተቀመጠም። ነገ ጠዋት አራት መጻሕፍት ሆስፒታሉ በር ላይ ማድረስ አለበት፤ በእጁ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው።

ልጁ ሚጡ፣ ትልቅ ሰው ሆናም ስሟ ሚጡ እንደሆነ የቀረው፣ የሳንባ በሽተኞች ተለይተው በሚተኙበት ክፍል ከገባች ዓመት አልፏታል። አባቷ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ የእሱም ሳንባ የቆየ ጠባሳ ስላለበት ሐኪሞቹ ከልክለውታል። እናቷ ብቻ አፍንጫና አፏን ሸፍና ትገባለች። ወደዚያ ክፍል የገባ ወረቀት ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ሲነበብ ቆይቶ፣ ከጓንቱና ከፋሻው ጋር ይቃጠላል።

መጽሐፍ ላክልኝ ያለችው ራሷ ናት። «ሁለት የድሮ፣ ሁለት የአሁን» አለችው በስልክ። «የአሁኖቹ ውጭ ምን እየተወራ እንደሆነ ይነግሩኛል። የድሮዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ጭንቃቸው ሁሉ አልፎላቸዋል። እነሱ ጋ ስሆን አልፈራም።» ከዚያን ቀን ወዲህ ጠራዡ ሌላ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይጠረዝ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ ደንበኞቹም ማኩረፍ ጀምረዋል። እሱ ግን የሚልከውን መጽሐፍ ሁሉ አስቀድሞ አንብቦ ያጣራል። ሳል ያለበት አይሄድም። ሆስፒታል ያለበት አይሄድም። እጮኛውን ጥሎ የሚሄድ ወንድ ያለበትም አይሄድም፤ ይህኛው ለምን እንደተጨመረ እሱም ሚስቱም አፍ አውጥተው አይናገሩትም።

«እንዲህ እየተጣራ የሚተርፍህ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ብቻ ነው» አለ ሽፋን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣ። «ይሄ ዘንድሮ የወጣ ነው። ስለ አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር። የምታስቅ ሴት ናት ይላሉ።»

ጠራዡ ቆሞ ጥቂት ገጾች አነበበ። አንዴም ከንፈሩ ወደ ፈገግታ ሊሄድ ሲል ተመለሰ። «ይሁን» አለና ከያዘው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ጋር ደረበው።

«የድሮዎቹንስ?»

«ከራሴ።»

«ስንት ቀረህ?»

ጠራዡ የኪስ ቦርሳውን አወጣ።

«ስማኝ» አለ ሽፋን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አንብቤያቸው አላውቅም፤ ግን ነጋዴ ነኝ። የመደርደሪያህ መጻሕፍት ዛሬ ቢፈለጉ አይገኙም። ዕድሜህን የሰበሰብከውን እኮ ነው ለእሳት የምትሰጠው።»

«ለእሳት አይደለም፤ ለሚጡ ነው የምሰጠው» አለ ጠራዡ። ሽፋን ሒሳቡን ቀነስ አድርጎ ተቀበለውና እስከ በሩ ሸኘው።

የጠራዡ የሥራ ክፍል ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ናት። መስኮቷ ትንሽ ነው፤ ሙጫና ቆዳ ትሸታለች። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ያለው መደርደሪያ ጥርሱ እየተነቃቀለ እንዳለ ሕፃን አፍ ክፍተት በዝቶበታል። ጠራዡ ቆሞ የቀሩትን ተመለከተ። አንዱ ስለ ጦርነት ስለሆነ ተወው። አንዱን ሚጡ በልጅነቷ አንብባዋለች። አንዱ ደህና ነበር፤ ግን ፊደሉ ይደቅቃል። ለመምረጥ ቢቸግረው ጊዜ ለማግኘት ያህል የአውቶቡስ ሹፌሯን መጽሐፍ የተጣመመ ሽፋን ላቃናው ብሎ ወደ መጭመቂያው ሄደ። ከባዱን እንጨት ሲያነሣ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አየ።

መጽሐፍ የሚሠራው በእጥፍ ነው። አሥራ ስድስት ገጽ የታተመበት ወረቀት ይታጠፋል፤ እጥፎቹ ተደራርበው በክር ይሰፋሉ። ይህኛው የአንድ መጽሐፍ የመጨረሻ እጥፍ ነበር። ባለፈው የላከላት፣ በአንድ የውኃ ጉድጓድ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ የያዘው የድሮ መጽሐፍ ነው። ጀርባው ተላቆ ስለነበር እንደ አዲስ ሰፍቶ ነው የላከው። የመጨረሻዋን እጥፍ ረስቷታል።

መጀመሪያ የመጣበት እፍረት ነው። ወስፌ መያዝ ዛሬ የጀመረ ሰው የማይሳሳተውን ስህተት፣ ያውም በልጁ መጽሐፍ ላይ! ይቅርታ ለመጠየቅና እጥፉን ነገ ከሌሎቹ ጋር ለመላክ አሰበ። ያን ጊዜ ነው ሚጡ በስልክ ያለችው ትዝ ያለው። «ጨረስኩት አባዬ። መጨረሻ ላይ ሲታረቁ እንዴት እንዳለቀስኩ!» የራሱን የድሮ መጻሕፍት የሚያጣራው በትዝታ ነው፤ ይህንንም ያነበበው ከብዙ ዓመት በፊት ስለሆነ አመናት። ደስ ብሎትም ነበር።

መነጽሩን አድርጎ እዚያው እንደቆመ እጥፉን አነበበው። ወንድማማቾቹ አልታረቁም። ታላቅየው ከታናሹ ቀብር ሳይገኝ ቀረ፤ ጉድጓዱም ደረቀ። ጠራዡ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ምናልባት ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተምታቶባት ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ። አልሆነለትም።

ሚስቱ ከሆስፒታል ስትመለስ በዚያው ወንበር ላይ አገኘችው። ባዶውን የምሳ ዕቃ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ሚጡ የወንድማማቾቹን መጽሐፍ ጨርሻለሁ ብላኝ ነበር።»

«እና?»

«መጨረሻው እኔ ጋ ነው» አለና እጥፉን አሳያት።

ሚስቱ ወረቀቱን አየች፤ እሱንም አየች። የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሻርፗን ልታወልቅ ጀምራ ተወችው።

«ማየት አትችልም» አለች።

«ምን ማለት ነው ማየት አትችልም?»

«መድኃኒቱ ነው። መጀመሪያ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ሆነባት። ቀጥሎ የምታየው ነገር መሐሉ ላይ ጥላ ያዘባት። አሁን እኔንም የምትለየኝ በድምፄ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ብርዱ ሳይገባ።»

ብርዱ ገብቶ ወጥቷል። ጠራዡ ከዚያ ወዲህ የላካቸውን መጻሕፍት ማስታወስ ጀመረና አቆመው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስማለችኝ። ‹መምረጡን ካቆመ አባዬ አልጋ ይይዛል› አለችኝ። ሽፋኑ ላይ ያለውን እኔ አነብላታለሁ፤ የቀረውን ከራሷ ትሞላዋለች። አንተ ስትደውልላት የምትለውን ከጠዋት ጀምሮ ስታስብ ነው የምትውለው።»

«መጻሕፍቱስ?»

«ትራሷ አጠገብ ታደርጋቸዋለች። ታሸታቸዋለች። የአባዬ ሙጫ ይሸታል ትላለች። ከዚያ...»

ከዚያ ይቃጠላሉ። ነርሷ ታውቃለች፤ ወደ እሳቱ የምትወስዳቸው ጽዳት ሠራተኛም ታውቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ አባት ብቻ ነው ያልሰማው። ወደ ሚስቱ ዞሮ ሊጮህባት አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ተወው። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነው የተሸከመችው።

«መድኃኒቱን ቢያቆሙላትስ?»

«ሌላ የለም። የቀራት እሱ ነው።»

«ዓይኗን ወስዶ ሳንባዋን ካዳነ እንግዲህ...»

«ሳንባዋንም አልረዳትም» አለች ሚስቱ። «ዛሬ ጠርተው ነገሩኝ።»

ከድጡ ወደ ማጡ ይሉት እንዲህ ነው። ጠራዡ ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አዝኗል፤ ግን ወደፊት የሚጠብቀው ነገር ጠፍቶበት አያውቅም ነበር። አሁን ጠፋበት። ዓይኑ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በተከመረው ነጭ ወረቀት ላይ አረፈ። ባዶውን ጠርዞ ቢልክስ? ክብደቱ ያው ነው፤ ሙጫውም ያው ይሸታል፤ የቀሩት የድሮ መጻሕፍት ይተርፋሉ። እንዲህ ማሰቡ ራሱን አስጠላው። ደግሞስ እንዴት ያድርግ? መላኩን ቢያቆም ታውቃለች። እውነቱን ደረስኩበት ቢላትም ያው ነው። ከአልጋዋ ሆና ለሰው የምታደርገው አንድ ነገር ቢቀራት አባቷን ማታለል ነው። ያንን ከእጇ እንዴት ይንጠቃት?

ስልኩ ጮኸ። የከሰዓቱን መድኃኒት ከወሰደች በኋላ የምትደውልበት ሰዓት ነው።

«እኔ ላንሣው?» አለች ሚስቱ።

«ተይው» አለና አነሣ።

«አባዬ! ምን መረጥክልኝ?» ከቃሉ ይልቅ ትንፋሿ ይሰማል።

«የአሁኖቹን አግኝቻለሁ። አንዱ ስለ ሴት የአውቶቡስ ሹፌር ነው።»

«ትጋጫለች?»

«እኔ እስካነበብኩት አልተጋጨችም።»

ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ረዘመ። ጠራዡ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ሚስቱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«የድሮዎቹስ?» አለች ሚጡ፣ ድምፁ ሲመለስላት።

ጠራዡ መደርደሪያውን አየ። «እነሱ ላይ አቃተኝ» አለ። «አንዱን ይዣለሁ፤ ለሁለተኛው ግን ሁለት መጻሕፍት አስቸገሩኝ፤ ከሁለቱ አንዱን ነው የምልከው። መጀመሪያ መጀመሪያቸውን ላንብብልሽና ራስሽ ምረጪ።»

በወዲያ በኩል ዝም ተባለ። ዝምታው ስለረዘመ አጠፋሁ ብሎ ፈራ። ሚስቱ በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች።

«መጀመሪያውን ብቻ?» አለች ሚጡ በመጨረሻ።

«መጀመሪያውን ብቻ።»

«ዓይንህን አያደክምህም?»

«የእኔ ዓይንማ ደህና ነው» አለና ምላሱን ነከሰ። ካፉ አምልጦታል። እሷ ግን እንዳልሰማች አለፈችው።

«እሺ፣ አንብብልኝ» አለች።

ተነሥቶ ከመደርደሪያው ሁለት መጻሕፍት አወረደ። አንዱ ቀጭን ነው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ሌላው ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል አጣብቆ ወፍራሙን ከፈተና ማንበብ ጀመረ። አንድ ሰው የተሰነጠቀ ደወል ሊያስጠግን ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር ይጀምራል። በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ ስለማያውቅ መጀመሪያ ላይ ተንተባተበ። ሰውየው ወንዙ መሐል ሲደርስ ገጹ አለቀ።

«ይሄ አንዱ ነው። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን...»

«ቆይ እስቲ» አለች ሚጡ። «ገና አልወሰንኩም። ትንሽ ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። ሰውየው ወንዙን ተሻገረ፤ ደወሉን የሚጠግን አንጥረኛ አጣ፤ ከአንዲት ባለ እንግዳ ማረፊያ ሴት ጋር ተጨቃጨቀ። ሴትየዋ በዘለፈችው ጊዜ በስልኩ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ከትንፋሿ በቀር ምንም አልተሰማም። አወጣጡ ያፏጫል፤ አገባቡ ይቆራረጣል። ጠራዡ በንባቡ መሐል ያንን ይሰማል። የቀረውን ገጽ ውፍረት በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። እንደማይጨርሱት ያውቃል።

ምዕራፉ ሲያልቅ ቆመ። «ሚጡ» አለ ቀስ ብሎ። «ወሰንሽ?»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አልወሰንኩም» አለች።

ጠራዡ ቀጭኑን መጽሐፍ ሳይከፍተው ወደ መደርደሪያው መለሰና ቀጣዩን ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ።